እኅት ስንባባል

በሴቶች መብት ጉባኤ ላይ ጧት የማይተዋወቁ ሰዎች ማታ ላይ «እኅቴ» ይባባላሉ። አድራሻ ይለዋወጣሉ። ለብቻችን የተቆዘመበትን ጉዳይ ሌላዋ ከሩቅ አገር መጥታ ስትናገረው ስንሰማ ልባችን ይሞላል። ይህን የሚንቅ ይናቅ፤ እኛ አንንቀውም። ግን ቃሉ ምን ያስከፍላል?

እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የመጀመሪያውን የዓለም የሴቶች ጉባኤ ሜክሲኮ ከተማ ላይ ሲያካሂድ፣ ከጎኑ በተዘጋጀው ሕዝባዊ መድረክ ዶሚቲላ ባሪዮስ ደ ቹንጋራ የምትባል ቦሊቪያዊት ተገኝታ ነበር። የቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪ ሚስት፣ የሰባት ልጆች እናት፣ የማዕድን ሠፈሩ የቤት እመቤቶች ኮሚቴ መሪ ናት። ሁላችንም ሴቶች ነን፣ ልዩነቱን እንተወው ሲሏት፣ በሾፌር ከምትመጣው ባለጸጋ ጋር ኑሯችን በምን ይመሳሰላል ብላ ጠየቀች። ከፋፋይ የመሰለቻቸው ነበሩ።

ለነዚያ ወገኖችም ፍርድ እንስጥ። ባለጸጋዋም ትደበደባለች። በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ የበላይ ሲያደርግ እመቤት ከገረድ አልለየም፤ በፌዴራል ደረጃ ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ስለዚህ የጋራ በደል አለ፤ ውሸት አይደለም።

ታዲያ ጉባኤ ላይ የተቀመጠችው ሴት ልጇን ማን ይዞላት ነው የመጣችው? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዲት የቤት ሠራተኛ እዚያ ቤት ቀርታ ነው፤ ምናልባትም የማታ ትምህርቷን ትታ። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ አስወጥቶታል። የስምንት ሰዓት ሥራ፣ የዓመት ፈቃድ የሚባለው ነገር ለሷ በእመቤቷ በጎ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሏል። እዚህ ላይ ጨቋኙ ማን ነው? ባልየው ብቻ ነው እንዳንል ደመወዙን የምትቆርጠው እሷ ናት።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ ይህ ከተነሳ ትግሉ ይዳከማል ይላሉ። አይመስለንም። እ.ኤ.አ. በ1985 ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ከ10,000 በላይ ሴቶች ሲሰበሰቡ «የሰላም ድንኳን» ተተክሎ፣ አገሮቻቸው የተጣሉ ሴቶች ፊት ለፊት ተከራክረውበታል፤ ጉባኤው በዚህ አልፈረሰም። ዶሚቲላም ብትሆን ከፋፋይ ተብላ አልቀረችም። በ1977 ማብቂያ የማዕድን ሠራተኞች ሚስቶች ላፓዝ ላይ የረኀብ አድማ ሲጀምሩ ተቀላቀለች፤ ከ1,000 በላይ ሰዎች ተከተሉ፤ በጥር 1978 የጄኔራል ባንዘር መንግሥት ለፖለቲካ እስረኞችና ለስደተኞች ምሕረት ለማወጅ ተገደደ። እዚያ የአባልነት መዋጮው ምግብ መተው ነበር።

የኛ መዋጮ ያን ያህል አይከብድም። (ረኀብ ማንንም አንጠይቅም፤ የካፌው ምግብ ይበቃናል።) የሚቀጥለው የሴቶች ውይይት ከሥራ ቀን ወደ እሑድ ከሰዓት ይዛወር፣ የየቤቱ ሠራተኞችም ተጠርተው ስለ ደመወዝና ስለ ዕረፍት ቀን መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ የሚል ሐሳብ አቅርበናል። እስካሁን የተሰጠን መልስ አዳራሹ አይበቃም የሚል ነው።