ጉዳትን ስለ መካፈል

አንባቢ ሆይ፤ የአንድ ፋብሪካ ገበያ ሲቀዘቅዝ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ማንን ላሰናብት ብሎ ነው። ዳሩ ግን ከዚህ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የመጣውን ጉዳት እንዴት አድርገን እንካፈለው የሚለው ነው። የፊተኛው ጥያቄ ጥቂቶችን ለይቶ መላውን ሸክም በጫንቃቸው ላይ ይጥላል፤ ሁለተኛው ግን ሁሉን ያስባል።

ይህ ነገር ከንቱ ምኞት እንዳይመስልህ በጀርመን አገር የሆነውን ተመልከት። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ዓመት ፎልክስቫገን የተባለው የአውቶሞቢል ኩባንያ በዚያ አገር ከነበሩት 100,000 ያህል ሠራተኞች 30,000 የሚያህሉት ከሥራው በላይ ሆኑበት። የኩባንያው ሹማምንትና የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ በሳምንት 36 የነበረው የሥራ ሰዓት ወደ 28.8 እንዲወርድም ተስማሙ። የሠራተኛው የዓመት ገቢ ቀነሰ፤ የወር ደመወዙ ግን እንዳይጎድል በዓመት ይሰጥ የነበረው ተጨማሪ ገንዘብ ለየወሩ ተከፋፈለ። በዚህም ብዙ ሰዎች ከመባረር ዳኑ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ምናልባት ትጉህ ሠራተኛ፥ እኔ ሥራዬን ሳላጎድል ስለ ምን ገቢዬ ይቀነሳል ይል ይሆናል። ይህ ቃል እውነት ያለበት ነውና ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን የሚሰናበተው ባልንጀራውስ ምን በደለ? የገበያ መጥፋት የማንም ሠራተኛ ጥፋት ካልሆነ፥ እንደ ቅጣት ሆኖ በአንዱ ላይ ብቻ ሊወርድ አይገባም። ሥራውን ያጣ ሰው እንጀራውን ብቻ አያጣም፤ በልጆቹና በጎረቤቶቹ ፊት የነበረውንም ክብር እንዳጣ ይቈጥረዋል።

መካፈል ግን ከታች ላሉት ብቻ የተሰጠ ግዴታ አይደለም። ሠራተኛው ከእንጀራው ሲቈርስ ባለ አክሲዮኑና ሹሙ ከድርሻቸው ካልቈረሱ፥ ይህ መግፈፍ እንጂ መካፈል አይባልም። የድርድርም መሠረቱ እውነት ነው። ባለቤቱ የሒሳብ መዝገቡን ሸሽጎ በኪሳራ ሊያስፈራራ አይገባውም፤ ማኅበሩም ኪሳራው በግልጥ ሲታይ የለም እያለ አባሎቹን ሊያታልል አይገባውም።

አንድ ከባድ ነገር ገና ይቀራል። ያ የሰዓት ስምምነት ለዘወትር አልጸናም፤ በ2006 ዓመት የሥራው ሰዓት እንደ ገና ተጨመረ። በ2024 ዓመት በዲሴምበር ወር ያው ኩባንያና ያው ማኅበር እስከ 2030 ድረስ ከ35,000 የሚበልጥ የሥራ ቦታ እንዲቀነስ፥ ነገር ግን ማንም በግድ እንዳይሰናበት ተዋዋሉ። ይህ በሥራ ላይ ላሉት መልካም ጥበቃ ነው። ሆኖም በየዓመቱ ሙያ ለመማር የሚገቡት ወጣቶች ቍጥር ከ1,400 ወደ 600 እንዲወርድ በዚያው ውል ተወሰነ። ሽማግሌው በሰላም ጡረታ ሲወጣ ቦታው ከኋላው ይዘጋል፤ ያን ቦታ ተስፋ ያደረገው ወጣትም ከደጅ ይቀራል። ማንም አላባረረውም፤ ስለዚህ የሚጮኽለትም የለም።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፤ ነገ ባለቤት ወይም የማኅበር ሹም ሆነህ ለድርድር ብትቀመጥ፥ በፊትህ ያሉት ሁሉ ደስ ብሏቸው መፈረማቸው አይበቃህም። ወንበር ያላገኘው ሰው ከዚህ ውል ምን ይደርሰዋል ብለህ ጠይቅ። ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ የተስማሙ ሰዎች ጉዳቱን ለሌላ አሳለፉት እንጂ ገና አልተካፈሉትም።