ያላመመ ሁሉ ጤና ነውን?

ሰው ለማይሰማው ጉዳት ተጠያቂ ነውን? በኩታበርም ሆነ በቀረው የወሎ ደጋ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ገላው የግል ንብረቱ ብቻ እንዳልሆነ ያምናል፤ ለአንዱ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ፣ ለሌላው ከአላህ የተቀበለው አማና፣ ማለትም አደራ፣ ነው። ይህን የሚያምን አጫሽ «እስካሁን ምንም አልሆንኩም» ቢል መልሱ አይበቃም። አደራ ተቀባይ የሚጠየቀው አደራው ከጠፋ በኋላ ብቻ አይደለም፤ መጉደል ሲጀምር ለማወቅ መትጋትም ግዴታው ነው።

ሳንባ ይህን ግዴታ ከሌላው አካል ይበልጥ ይፈትነዋል። አየር የሚያልፍባቸው ቧንቧዎች ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር እየተከፋፈሉ ይጠባሉ። ስፋታቸው ከ2 ሚሊ ሜትር የሚያንሰው ጥቃቅኖቹ እጅግ ብዙ ስለሆኑ፣ ከእነርሱ በርካታዎቹ ቢጎዱም አየሩ በቀሩት በኩል ያልፋል። ባለቤቱ አያለከልክም፤ የተለመደው የትንፋሽ ምርመራ፣ ስፒሮሜትሪም፣ ጤነኛ ነው ሊለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ጥናት ሐኪሞች በድንገት የሞቱ ወጣት ወንዶችን ሳንባ መርምረው፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ በነበሩ አጫሾች ጥቃቅን ቧንቧዎች ውስጥ የመቆጣት ምልክት አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የሳንባ ከረጢቶች ከመፈራረሳቸው በፊት የመጨረሻዎቹ ቀጫጭን ቧንቧዎች ጠበው ብዙዎቹም እንደሚጠፉ አሳየ። ሕመም ዘግይቶ የሚመጣ ምስክር ነው ማለት ነው። ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም በኖረው በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሚታወቀው እውነት፣ ነርቭ ሲጎዳ ቁስል እንደማያምና ባለማመሙም እንደሚከፋ ነው።

«ዕድሜ የፈጣሪ ነው፤ ምርመራ ምን ይጨምራል?» የሚል ይኖራል። ነገር ግን በአላህ መመካት ጥንቃቄን እንደማያስቀር እስልምና ያስተምራል፤ መጽሐፈ ሲራክም ለሐኪም ክብር ይሰጣል። ፈጣሪ የሰጠውን ማስተዋል አለመጠቀም እምነት አይባልም። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የሕክምናው ነው፦ የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ባለሙያዎች ቡድን የሕመም ምልክት የሌላቸውን ሰዎች ሥር ለሰደደ የሳንባ መዘጋት በሽታ (COPD) በጅምላ መመርመርን አይመክርም፤ ጥቃቅኖቹን ቧንቧዎች የሚለኩ መሣሪያዎችም በገጠር ጤና ጣቢያ አይጠበቁም። ተቃውሞው እውነት አለው። ሆኖም የሚነካው መሣሪያውን እንጂ ግዴታውን አይደለም። አጫሽ ሁሉ የራሱን ሳንባ እስኪያይ መጠበቅ የለበትም፤ የሌሎች ሳንባ ስለ እርሱም መስክሯል። እንዲያውም «ንጹሕ» የሚል ውጤት ለማጨስ ፈቃድ ከሆነ ከአለመመርመር የባሰ ነው።

ታዲያ ማወቅ ሰውን ይለውጣልን? ቅጣት ብቻውን አልለወጠውም፦ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ የሰበሰቡት ንጉሥ፣ ትምባሆ ያጨሰ ከንፈሩ እንዲቆረጥ ማዘዛቸው በታሪክ ተመዝግቧል፤ ትምባሆ ግን ከአገር አልጠፋም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ሌላ መንገድ አሳይቷል፦ ሐኪሞች ለአጫሾች ሳንባቸው የስንት ዓመት ሰው ሳንባ እንደሚመስል ሲነግሯቸው፣ ከዓመት በኋላ ያቆሙት 13.6 በመቶ ሆኑ፤ በዚህ መልክ ካልተነገራቸው መካከል ያቆሙት 6.4 በመቶ ነበሩ። ብዙዎቹ አላቆሙም፤ ሱስ ብርቱ ነውና ሊፈረድባቸው ሳይሆን ሊታገዙ ይገባል። ቢሆንም ስለ ራስ የተነገረ እውነት የሰውን ፈቃድ እንደሚያነቃ ቁጥሩ ይመሰክራል።

ተጠያቂነቱም በአጫሹ ብቻ አያበቃም። በእንጨትና በኩበት ጭስ መካከል የምትጋግር እናት ጭሱን የምትስበው መርጣ አይደለም፤ ባልዋ በዚያው ቤት ሲያጨስ የእርሱንም ጭስ ትጨምራለች። የእርሷ ሳንባ በእርሱ ዘንድ የተቀመጠ አደራ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ በቤት ውስጥ ግን ከልካዩ ኅሊና ነው። ስለዚህ ቄሱና ሼኩ ስለ ንስሐና ተውበት ሲያስተምሩ ትምባሆን ይጨምሩ፤ የጤና ባለሙያው የመጣውን ሁሉ «ታጨሳለህ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የሚያጨስም ሳል እስኪጀምረው ሳይጠብቅ ዛሬ ያቁም። ሳይቃጠል በቅጠል።