ስኳሩ እስኪሟሟ

ስኳር ውሃ ውስጥ ከጨመርን እስኪሟሟ መጠበቅ አለብን። «ይህንንማ ማን ያጣዋል?» ትሉ ይሆናል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ አንሪ ቤርግሶን ግን እ.ኤ.አ. በ1907 ስለ ፈጣሪ አዝጋሚ ለውጥ ባሳተመው መጽሐፉ ከዚችው ተራ ነገር ትልቅ ጥያቄ አወጣ። ለሒሳብ ሊቅ ጊዜ በቀመር ውስጥ አንዲት ፊደል ናት፤ ዓለም ሁሉ እጥፍ ቢፈጥን ሰዓቱም አብሮ ስለሚፈጥን ቀመሩ ንቅንቅ አይልም። የሚጠብቀው ሰው ትዕግሥት ግን ያልቃል። ይህን ከውስጥ የምንኖረውን፣ ተቆራርጦ የማይቆጠረውን ጊዜ ነው እንግዲህ «ቆይታ» የሚለው። ዜማ ስንሰማ ያለፈው ድምፅ አሁን በሚሰማው ውስጥ አለ፤ ነጣጥላችሁ ብትቆጥሩት ድምፆች ይቀራሉ እንጂ ዜማው የለም። ንቃተ ኅሊናም እንዲሁ ነው።

ይህንኑ ወደ ሕያዋን ለውጥ ወሰደው። አንዱ ወገን ሕይወት እንደ ሰዓት ጥርስ በምክንያትና ውጤት ብቻ ትሽከረከራለች ሲል፣ ሌላው አስቀድሞ ወደተነደፈላት ግብ ትጓዛለች ይላል። ለቤርግሶን ሁለቱም ያው ናቸው፤ በሁለቱም ዘንድ ነገ ከወዲሁ ተሠርቶ አልቋል። እሱ በምትኩ ያመጣው «የሕይወት ግፊት» ግን፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ስም እንጂ ማብራሪያ አይደለም። ሥነ ሕይወት ያለሱ ዘልቋል።

ከአይንሽታይን ጋር ኤፕሪል 6 ቀን 1922 ፓሪስ ላይ በተገናኙ ጊዜም አይንሽታይን የፈላስፎች ጊዜ የሚባል ነገር የለም ብሎ መለሰለት። እ.ኤ.አ. በ1971 በአውሮፕላን ዓለምን የዞሩ የአቶም ሰዓቶች ምድር ላይ ከቀሩት ጋር በቢሊዮንኛ ሴኮንዶች ተለያዩ። በሰዓቱ ክርክር ቤርግሶን ተረቷል፣ ምን ይደረግ!

ታዲያ ነገሩ የሰዓት ብቻ ነበር እንዴ? «አባቱን አውቀዋለሁ፣ የት እንዳደገም አውቃለሁ፤ ነገ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ» የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። ሰውየው ገና ሳይወስን ተፈርዶበታል። ቤርግሶን እ.ኤ.አ. በ1889 ባሳተመው ጽሑፉ ለዚህ ዓይነቱ አዋቂ ምሳሌ አለው። ጴጥሮስ ከባድ ውሳኔ ፊት ቆሟል እንበል፤ ፈላስፋው ጳውሎስ የሚመርጠውን አስቀድሞ ሊያውቅ ይፈልጋል። የጴጥሮስን ኑሮ በከፊል ካወቀ ይገምታል እንጂ አያውቅም። ሁሉን እንዲያውቅ ደግሞ እያንዳንዷን ማመንታት በዚያችው ርዝመት፣ በዚያችው ክብደት ማለፍ አለበት፤ አንዲቷንም ማሳጠር አይችልም። እንዲያ ካለፈ ግን ጳውሎስ ራሱ ጴጥሮስ ሆኖ አረፈው፤ ውሳኔው ደጃፍ ሲደርስም የሚቀረው መተንበይ ሳይሆን መወሰን ነው።