ሃምሳ ሎሚ በጃፓን ሰማይ

ኒሺማትሱ ሃሩካ የጃፓን አየር መንገድን ሲመሩ ወደ ሥራ የሚሄዱት በአውቶቡስ ነበር። ምሳቸውን በሠራተኞች ካፌ ተሰልፈው ይበላሉ። ደመወዛቸውንም ከአብራሪዎቻቸው በታች እስኪሆን ድረስ ቆርጠውታል። የውጭ አገር ቴሌቪዥኖች ይህን አይተው አርአያ አድርገው አቀረቧቸው።

ጃንዋሪ 19 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ኩባንያው 2.3 ትሪሊዮን የን ያህል ዕዳ ተሸክሞ ለኪሳራ ፍርድ ቤት ቀረበ። ኒሺማትሱም ለቀቁ።

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይባላል። እዚህ ግን አናቱ ንጹሕ ይመስል ነበር። በሽታው ሌላ ቦታ ተኝቷል፤ ፖለቲከኞች ስለፈለጓቸው ብቻ የተከፈቱ ባዶ መስመሮች፣ ነዳጅ የሚጠጡ ያረጁ ጃምቦ አውሮፕላኖች፣ ከአስተዳደሩም ጋር እርስ በርሳቸውም የማይግባቡ የሠራተኛ ማኅበራት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቶኪዮ ተቀምጦ ለሁሉም የሚያቅድ ዋና መሥሪያ ቤት። ታዲያ መሪ ከበታቾቹ ጋር አብሮ ስለተጎዳ ብቻ ኃላፊነቱን ተወጥቷል ማለት ይቻላል?

መንግሥት የጠራቸው ሰው ለዚህ ጥያቄ ባዕድ አልነበሩም። ኢናሞሪ ካዙዎ ኪዮሴራን በ1959 የመሠረቱ ኢንዱስትሪያሊስት ሲሆኑ፣ በ1997 ኪዮቶ ውስጥ በዜን ቡድሂዝም ሥርዓት መንኩሰዋል። ፌብሩዋሪ 2010 ላይ የቦርድ ሊቀመንበርነቱን ሲረከቡ 78 ዓመታቸው ነበር፤ ስለ አቪዬሽን የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ደመወዝም አልወስድም አሉ። ለመቀበላቸው የሰጡት ምክንያት ሦስት ነው፦ የአገሪቱ ኢኮኖሚ፣ ከሠራተኛ ቅነሳው የሚተርፉት 32,000 ያህል ሠራተኞች፣ እንዲሁም አንድ አየር መንገድ ብቻ ከቀረ ተሳፋሪው ምርጫ ማጣቱ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ኃላፊዎችን ሰብስበው አስተማሩ። አትዋሽ፣ አትስገብገብ፣ ከራስህ በፊት ለሌላው አስብ። በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩት ኃላፊዎች ይህን የልጆች ትምህርት አድርገው ቆጠሩት። ኢናሞሪ ግን ለማንኛውም ውሳኔ መነሻው «እንደ ሰው ትክክሉ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው በሚለው አቋማቸው ጸኑ።

ስብከቱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ የኒሺማትሱ አውቶቡስ ዕጣ ይገጥመው ነበር። ሥራ የሠራው አብሮት የመጣው ሒሳብ ነው። ኢናሞሪ ኩባንያውን «አሜባ» በሚሏቸው ትንንሽ ክፍሎች ከፋፈሉት፤ እያንዳንዱ ገቢና ወጪውን ራሱ ይይዛል። ቀድሞ አንድ መስመር ማትረፍ አለማትረፉ የሚታወቀው ከሁለት ወር በኋላ ሲሆን፣ አሁን የእያንዳንዱ በረራ ውጤት በማግሥቱ ይታይ ጀመር።

ይህ የሠራተኛን ሐሳብ ማክበር ምን እንደሆነ ይለውጠዋል። የአስተያየት መስጫ ሣጥን ሰቅሎ ሒሳቡን የሚደብቅ አለቃ የሚሰበስበው ሮሮ ነው፤ የአንድ ብሎን ዋጋ ያልተነገረው መካኒክ ስለ ቁጠባ ምን ሐሳብ ሊያቀርብ ይችላል? ቁጥሩ ሲገለጥ ግን መካኒኩም አስተናጋጇም የሚያውቁት ነገር ሚዛን ላይ ይወጣል፤ አለቃውም «አልነገሩኝም» የሚልበት ቀዳዳ ይደፈናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት እዚህ ይሠራል፤ ሎሚው በትክክል እስከተከፋፈለ ድረስ።

ጌጡ ግን ለሁሉም አልደረሰም። ዕዳ የተሰረዘለትና የመንግሥት ገንዘብ የፈሰሰለት ኩባንያ እስከ ማርች 2012 ባለው የሒሳብ ዓመት 200 ቢሊዮን የን ያህል የሥራ ትርፍ አስመዘገበ፤ በሴፕቴምበርም ወደ ቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ ተመለሰ። ለዚህ ሲባል ወደ 16,000 የሚጠጉ የሥራ መደቦች ታጥፈዋል። ብዙዎቹ በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ 165 አብራሪዎችና የበረራ አስተናጋጆች ግን ዲሴምበር 31 ቀን 2010 ተባረሩ። ከመምረጫ መሥፈርቶቹ መካከል ዕድሜና የሕመም ፈቃድ ነበሩ። ከሰሱ፤ በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳይቀበላቸው ቀረ።

ከተባረሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2011፣ አዲሱ የኩባንያው ፍልስፍና ይፋ ሆኖ ለሠራተኞች በደብተር ታደለ። የኩባንያው ዓላማ ተብሎ መጀመሪያ የተጻፈው የሠራተኞች ሁሉ ደስታ ነው።