ስንቅ መያዝ የእምነት ማነስ ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በዐቢይ ጾም ከአምባ ጊዮርጊስ ተነሥቶ፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ዋልድባ ገዳም በእግሩ ሊሳለም የሚያስብ ሰው አንድ ጥያቄ ያጋጥመዋል። «ስንቅ ልያዝ ወይስ እግዚአብሔር ያውቃል ብዬ ልውጣ?»

ጥያቄው ቀላል አይምሰልህ፣ ወዳጄ። ጌታ ሐዋርያትን ሲልክ ለመንገድ ምንም እንዳይዙ አዟል (ሉቃ. 9፥3)። በጸሎተ ሐሙስ ሌሊት ደግሞ ከረጢት ያለው እንዲይዝ ነግሯቸዋል (ሉቃ. 22፥36)። ሁለቱም የእርሱ ቃል ነው። ስለዚህ መያዝም አለመያዝም ብቻውን ጽድቅ አይሆንም። ሐዋርያት ለተቀበላቸው ቤት ወንጌል ይዘው ገብተዋል፤ አንተ ግን የምትሄደው ለራስህ በረከት ነው።

እስቲ አስበው፤ ባዶ እጅህን ወጥተህ ሲመሽብህ የምታንኳኳው የማንን በር ነው? የገበሬውን አይደለም እንዴ? «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካልከው አይመልስህም። ለልጆቹ ያስቀመጣትን እንጀራ ያቀርብልሃል። አንተ «በእምነት ተጓዝኩ» ትላለህ፤ ጦሙን ያደረው ግን የእርሱ ልጅ ነው። እንግዳ መቀበል ጽድቅ ነው ትለኝ ይሆናል። አዎን፣ ለተቀባዩ ጽድቅ ነው፤ እያወቀ ሸክም ለሚሆንበት እንግዳ ግን ጽድቅ አይደለም።

እንግዲያው አስበህ ያዝ። ወገራ የገብስ አገር ነው፤ በሶ አዘጋጅ። በሶ እሳት አይፈልግም፣ ጨው ጣል አድርገህ በውኃ መበጥበጥ ነው። ቆሎ፣ በዘይት የታሸ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽም ቶሎ አይበላሹም። ውኃ ግን እንዳትረሳ! በሶና ቆሎ ያስጠማሉ፤ ከደባርቅ ብርድ ወደ ቆላው ሐሩር ስትወርድ በቀን ሦስት ሊትር አይበዛብህም። የጾሙ ሰዓት እስኪደርስ ውኃም ስለማትቀምስ በማለዳ ተጓዝ፤ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ፈልገህ ዕረፍ። ሕመም ያለብህ ከሆነ ሳትነሣ የንስሐ አባትህን አማክር።

ስንቅ ስታሰናዳም «ለስንት ቀን?» ብቻ አትበል፤ «ለስንት ሰው?» በል። ስንቁ ላለቀበት መንገደኛ አንድ እፍኝ ጨምር። አምስት የገብስ እንጀራ የያዘውን ብላቴና አስታውስ (ዮሐ. 6፥9)። ባይዝ ኖሮ ምን ይቀርብ ነበር? ይዞ ቢደብቅስ ኖሮ ማን ይጠግብ ነበር? ያ ሁሉ ሕዝብ የጠገበው ከአንድ ልጅ ስንቅ ነው። ስንቅን የእምነት ወይም የስስት የሚያደርገው መያዙ ሳይሆን ለማን እንደተያዘ ነው።

የዋልድባ አባቶች እህል ትተው ቋርፍ በመመገብ ይታወቃሉ። እነርሱን ልትሳለም እየሄድክ በመንገድ ላይ ስንቅህን ሸፍነህ ብቻህን ከበላህ፣ ታዲያ ምኑን ተሳለምከው?

አምላካችን ጾሙን በሰላም ያስፈጽመን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።