ስሕተትና ስርዝ

በላቦራቶሪ የመጀመሪያ ቀን ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ በደብተራችሁ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ብትጽፉ በላጲስ አታጥፉት፣ ቅጠሉንም አትቅደዱት፤ አንድ መስመር አስምሩበትና ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፉ። ስሕተቱም ይነበብ፣ እርማቱም ይነበብ። ብዙዎቻችን ግን፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ደብተር የሚታይበት ቀን ሲደርስ ቅጠሉን ገንጥለን በንጹሕ ወረቀት እንገለብጣለን። ለምን ቢሉ ሐፍረት ነዋ! ስሕተት የተገኘበት ሰው ከሌባ እኩል የሚቆጠር ይመስለናል።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጁላይ 2025 (በዚህ ጽሑፍ ወሩም ዘመኑም የፈረንጅ ነው) ‹‹ሳይንስ›› የተባለው ስመ ጥር የአሜሪካ መጽሔት ከዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት ያወጣውን አንድ ጽሑፍ ሻረ። ቁጥር ተፈብርኳል፣ ሰው ተጭበርብሯል ያለ የለም፤ መጽሔቱም አላለም። ጥፋቱ መሳሳት ብቻ ነው። ታዲያ በቅን ልብ የተሳሳተ ሰው ጽሑፍ መሻር አለበት ወይ?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በካሊፎርኒያ ሞኖ የሚባል፣ ውሃው ጨውና አርሴኒክ የበዛበት ሐይቅ አለ። አርሴኒክ መርዝ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ለምን መርዝ እንደሆነ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ደስ ይላል። በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ አርሴኒክ የተቀመጠው ልክ ከፎስፎረስ ሥር ነው፤ ጠባያቸው ይመሳሰላል። ስለዚህ ሕዋስ ፎስፎረስ ያገኘ መስሎት በሩን ይከፍትለታል፤ እንግዳው ግን ገብቶ የፎስፎረስን ሥራ ሊሠራ አይችልም፣ ቤቱን ያፈርሳል። የምናውቀው ሕይወት ሁሉ፣ ከጤፍ እስከ ዝሆን፣ ዲ ኤን ኤውን ያያያዘው በፎስፎረስ ነው።

ፌሊሳ ዎልፍ-ሳይመን የተባለች ወጣት ተመራማሪና ባልደረቦቿ ከዚህ ሐይቅ ጭቃ አንዲት ባክቴሪያ አወጡ። ስሟን ጂ ኤፍ ኤ ጄ-1 አሉት፤ ‹‹ለፌሊሳ ሥራ ስጧት›› የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ናቸው። (ሥራ ፍለጋው እዚያም አለ ማለት ነው!) ፎስፎረስ ሳይጨምሩ፣ አርሴኒክ ብቻ እየሰጡ ቢያሳድጓት አደገች። እንግዲያው በፎስፎረስ ፈንታ አርሴኒክን፣ ዲ ኤን ኤዋ ውስጥ ሳይቀር፣ ተክታለች የሚል ጽሑፍ በዲሴምበር 2 ቀን 2010 ወጣ። ያን ዕለት ናሳ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ነበር። ጥሪው ከምድር ውጭ ሕይወትን ለመፈለግ የሚደረገውን ጥረት የሚነካ ግኝት ይላልና፣ ስንቱ ሌላ ዓለም ላይ ፍጡር ተገኘ ብሎ ጠበቀ። የቀረበው የጭቃ ባክቴሪያ ሆነ።

ተቃውሞው ወዲያው ተነሣ። ስቲቨን ቤነር የተባለው ኬሚስት እዚያው ስብሰባው ላይ ጥርጣሬውን አልደበቀም፤ በአርሴኒክ የተያያዘ ነገር ውሃ ሲነካው ቶሎ ይበጣጠሳልና። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ሮዝመሪ ሬድፊልድ ደግሞ በቀናት ውስጥ ትችቷን በአደባባይ ጻፈች። ዲ ኤን ኤው ከመለካቱ በፊት በሚገባ አልጸዳም፤ በማሳደጊያው ፈሳሽ ውስጥም ሳይፈለግ የገባ ፎስፎረስ አለ፤ ባክቴሪያዋ የኖረችው በሱ ነው የሚል ነበር። ፎስፎረሱ እጅግ ጥቂት ነው፤ 3 ማይክሮሞላር ገደማ። አርሴኒኩ 40 ሚሊሞላር ነበር፤ ከዐሥር ሺህ እጥፍ በላይ። ለባክቴሪያ ግን ያቺ ጥቂት ትበቃለች።

መተቸትማ ቀላል ነው፤ ሬድፊልድ ግን ባክቴሪያዋን አስመጥታ ራሷ ሞከረች። የሰጧትም እነዚያው የተተቹት ሰዎች ናቸው! እኛን ከሁሉ የነካን ይህ ነው። አጭበርባሪ ዕቃውን ይደብቃል፤ በሥራው የሚያምን ሰው፣ ቢሳሳትም እንኳ፣ ‹‹ይኸው ውሰጂና እዪ›› ይላል።

በጁላይ 2012 ሁለት ጥናቶች በዚያው ‹‹ሳይንስ›› ላይ ታተሙ፤ አንዱ ሬድፊልድ ከፕሪንስተን ሰዎች ጋር የሠራችው፣ ሌላው ከዙሪክ የመጣ። በሚገባ በጸዳው ዲ ኤን ኤ ውስጥ የተሰካ አርሴኒክ አልተገኘም፤ ያለ ፎስፎረስም ባክቴሪያዋ አታድግም። መርዙን ትችለዋለች እንጂ አትኖርበትም። በዚያው ዓመት የእስራኤሉ ዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች ፎስፎረሱን ከአርሴኒኩ ለቅማ የምትይዝበትን ፕሮቲን አሳዩ። ሁለቱን በመለየት ባክቴሪያዋ ከሰዎቹ በልጣ ተገኘች።

መሻሩ የመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ ከ13 ዓመት በኋላ ነው። አዘጋጆቹ የሚሉት፣ መሻር ለማጭበርበር ብቻ የተተወ አይደለም፤ ሙከራው ድምዳሜውን ካልደገፈ ጽሑፉ ሊነሣ ይገባል ነው። ጸሐፊዎቹ አልተስማሙም፤ የትርጉም ክርክር የመሻሪያ ምክንያት አይሆንም አሉ።

የአዘጋጆቹን ነገር እንዲሁ አናጣጥለውም። አንድ ጓደኛችን አምና ‹‹አርሴኒክ የሚበላ ባክቴሪያ አለ›› ብሎ ማታ ሙሉ ሲከራከረን አድሮ አሸንፎናል፤ ለካ ያነበበው የመጀመሪያውን ጽሑፍ ብቻ ነው! ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፣ እሱን ማን ይክዳል። ነገር ግን ሁለቱ የ2012 ጥናቶች እዚያው መጽሔት ላይ ናቸው። በጽሑፉ ግንባር ላይ በትልቁ ‹‹ይህ በኋላ ፈርሷል፤ ማፍረሻውን እዚህ እዩ›› ብሎ ማስፈር ምን ይከብድ ነበር? ‹‹ተሽሯል›› የሚለው ቃል እኮ ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈው በቀጣፊ ጽሑፍ ላይ ነው። ያንኑ ቃል በቅኑ ሰው ላይም ስንለጥፍ የነገው ወጣት ተመራማሪ የሚማረው ምንድን ነው? እንፈራለን፤ ባክቴሪያውን ለተቺው አለመላክን ይማራል።

ደግሞስ ጽሑፉ ተሻረ፤ ያን ሁሉ ጋዜጠኛ የሰበሰበውን ጥሪ ማን ይሽረዋል? ገምግመው ይውጣ ያሉትንስ ማን ይጠይቃል? የጸሐፊዎቹ ቁጥር 12 ነው፤ ሰው የሚያነሣው ግን የአንዲቱን ስም ብቻ ነው። እኛም እዚህ የጠራነው የሷን ብቻ መሆኑን ጽፈን ከጨረስን በኋላ ነው ያስተዋልነው።

ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀነው አምስታችን ሁለቱ አሁንም ከአዘጋጆቹ ጋር ናቸው፤ አንቀጹን ሳናለዝብላቸው ትተነዋል። ሦስተኛው ደግሞ፣ ከክርክሩ በኋላ፣ ቀድዶ ጥሎት የነበረውን የላቦራቶሪ ቅጠል ከአልጋው ሥር ፈልጎ አወጣና በስፒል ከደብተሩ ጋር አያያዘው። ነጥብ ይቀነስበት አይቀነስበት ገና አልታወቀም።