ተራማጅ ጆሮ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰው ያልገባውን የጥበብ ሥራ ታግሦ የማዳመጥ ግዴታ አለበትን? ካለበትስ ይህን ትዕግሥት ለማን አስቀድሞ ሊሰጥ ይገባዋል? ጥያቄው ለሙዚቃ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጆሮ ያለው ሁሉ በየዕለቱ አንዱን «ሙዚቃ»፣ ሌላውን «ጫጫታ» እያለ ይፈርዳል፤ ፍርዱም ከድምፁ አልፎ በሰው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጥያቄው የሁላችንም ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ለመጻፍ የተነሣሁት ግን ከሳሽ ሆኜ ሳይሆን ተከሳሽ ሆኜ ነው።

በሙያዬ መምህር ነበርሁ፤ የምኖረውም በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ አቅራቢያ ነው። ከወጣትነቴ ጀምሮ ፕሮግሬሲቭ ሮክ የተባለውን ሙዚቃ እወዳለሁ። «ፕሮግሬሲቭ» የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ተራማጅ» ይሆናል። ኪንግ ክሪምሰን የተባለው የእንግሊዝ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ የሮክን ጊታርና ከበሮ ከጃዝና ከኦርኬስትራ አቀነባበር ጋር አዋህዶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ መንገዱ ብዙ ቅርንጫፍ አወጣ። የስ የተባለው ቡድን በ1972 የሸክላውን አንድ ገጽ በሙሉ በአንድ ድርሰት ሸፈነው። በካንተርበሪ ከተማ ዙሪያ የበቀሉት ቡድኖች ሮክን ወደ ጃዝ አቀረቡት። የጀርመኑ ካን አንዱን ምት ለረጅም ጊዜ እየደጋገመ በውስጡ አዲስ ነገር ፈለገ። የፈረንሳዩ ማግማ ደግሞ መሪው ክርስቲያን ቫንደር በፈጠረው፣ በየትም አገር ሕዝብ በማይነገር ቋንቋ መዝፈን ጀመረ። በ1978 ሄንሪ ካውና መሰሎቹ የሙዚቃ ኩባንያዎችን የገበያ ፍርድ ተቃውመው በለንደን በአንድ መድረክ ቆሙ።

እነዚህ ቅርንጫፎች በብዙ ነገር ቢለያዩም የጋራ ጠባይ አላቸው፤ አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ መደመጥ ብቻ አይጨበጡም። አራት ሲጠበቅ ምቱ በአምስት ወይም በሰባት ይሄዳል፤ ዜማው ተያዘ ሲሉት ይሰወራል። በሰዓት እላፊው ዘመን፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሌሊት፣ አንድ ዘመዴ ከውጭ አገር ያመጣልኝን ካሴት ድምፁን ዝቅ አድርጌ አዳምጥ ነበር። በመጀመሪያ ምንም አልገባኝም። ደጋግሜ ሳዳምጥ ግን ያልተያያዘ የመሰለኝ ሁሉ ተያይዞ አገኘሁት። ጉድለቱ የሙዚቃው ሳይሆን የጆሮዬ ስንፍና መሆኑን አመንሁ። ከዚያም «እኔ ተራማጅ ጆሮ አለኝ» ብዬ በልቤ ኮራሁ።

ይህ ድፍረት ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በብሪታንያና በአሜሪካ የተማሩት ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን ሲያበጁ የገጠማቸው ፈተና ከባድ ነበር፤ አምስት ድምፆች ያሉትን የቅኝታችንን ጠረን ሳያጠፉ የአሥራ ሁለቱን ድምፆች ኅብር ከሥሩ ማስገባት ነበረባቸው። በ1972 በኒው ዮርክ፣ በ1974 በአዲስ አበባ የሠሯቸው አልበሞች መልሳቸው ናቸው። ጌታቸው መኩሪያ የጀግናውን ሽለላ በሳክስፎን አስጮኹት፤ በ2006ም ከፓንክ ሙዚቃ ከተነሣው የሆላንድ ቡድን ከዘ ኤክስ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አወጡ። በ2012 ደግሞ ጃኖ ባንድ ሮክን ከአገር ዜማ ጋር አዋህዶ «ኤርታሌ»ን አቀረበ።

ስሙን ልብ እንበል። ጃኖ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ሸማ ነው፤ ሸማኔ የሠራው ነው። በሽሮ ሜዳ ድርና ማግ ከሚያገናኙት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ናቸው። እነርሱም ዘፈን አላቸው። አንዱ ይጀምራል፤ ሌሎቹ በየራሳቸው መስመር ይገባሉ፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበለዋል፤ ድምፆቹ ተደራርበው እንደ ጥለት ይጠላለፋሉ። ፈረንሳዊው ተመራማሪ በርናርድ ሎርታ ዣኮብ በ1970ዎቹ ቀድቶ በሸክላ እስኪያሳትመው ድረስ ተገርሞበታል። እኔ ግን ጎረቤቴ ሆኖ ሳለ፣ ሠርግ በሆነ ምሽት ዘፈኑ ከግቢያቸው ሲነሣ መስኮቴን ዘግቼ ካሴቴን ከፍ አደርግ ነበር። ካሴቱ ብዙ ጊዜ የማግማ ነበር። ማንም የማይናገረውን ቋንቋ ለዓመታት ታግሼ ሳዳምጥ፣ ከአጥሬ ማዶ የሚነገረውን ቋንቋ ጫጫታ ብዬ ፈረድሁበት።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ መልካም ነበር። አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ከእነዚያ ካሴቶች አንዱን ለተማሪዎቼ አሰማሁና «ምን ይመስላችኋል?» ብዬ ጠየቅሁ። አንድ የሸማኔ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ አባቴና ጓደኞቹ የሚዘፍኑትን ይመስላል» አለ። እኔ ሳቅሁ፤ መምህሩ ከሳቀ ክፍሉም ይስቃልና ሁሉም ሳቀ። ልጁ አንገቱን ደፋ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ በእኔ ክፍል ሁለተኛ እጁን አላወጣም።

የዶርዜን ዘፈን በጥሞና ያዳመጥሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከዚያ ክፍል ውስጥ በትክክል የሰማው ልጁ ብቻ እንደነበር ገባኝ። ድምፅ ከድምፅ እንዴት እንደሚጠላለፍ እኔ ከካሴት ለመማር ዓመታት ፈጀሁ፤ እርሱ ግን በእናቱ ጀርባ ሳለ ሰምቶት ነበር።

«እንግዲያውስ የሰማነውን ሁሉ እናወድስ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ትዕግሥት ውዳሴ አይደለም፤ አዳምጦ «አልወደድሁትም» ማለት የማንም መብት ነው። መብት ያልሆነው ሳያዳምጡ መፍረድ ነው። ሌላው ደግሞ «ውስብስብ ጥበብ የተማሩ ሰዎች ቅንጦት ነው፤ ሰፊው ሕዝብ የሚወደው ቀላሉን ነው» ይላል። ይህ አክብሮት መስሎ የሚቀርብ ንቀት ነው። የዶርዜ ዘፈን ከኮንሰርቫቶሪ አልወጣም፤ ከሠርግና ከሸንጎ የወጣ ነው። ረቂቅነት የዲግሪ ሀብት ቢሆን ኖሮ ጥለትን የሚያህል ሒሳብ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ከሚሠራ ሰው እጅ ባልተገኘ ነበር።

ሸማውን እየለበሰ ሸማኔውን የሚንቅ፣ በዘፈኑ እየጨፈረ አዝማሪውን የሚያዋርድ ልማድ በአገራችን ሥር የሰደደ ነበር። እኔ ከዚህ ልማድ ነፃ የወጣሁ መስሎኝ ነበር፤ የውጭውን ሙዚቃ መውደዴ ንቀቴን ሸፈነልኝ እንጂ አላጠፋልኝም። ለሩቁ የምንሰጠው ትዕግሥት ብዙ ጊዜ ዋጋ አያስከፍለንም፤ እንዲያውም ያስከብረናል። ለጎረቤት የሚሰጠው ትዕግሥት ግን ከተቀመጥንበት ከፍታ ያወርደናል፤ የምንሸሸውም ለዚህ ነው።

ካሴቶቼን አልጣልሁም፤ መጣልም አያስፈልግም። ያስተማሩኝን ትዕግሥት ለማን እንደነፈግሁት አሳይተውኛልና ባለዕዳቸው ነኝ። ትልቁ ዕዳዬ ግን የዚያ ልጅ ነው። ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ ይሆናል፤ ሥራው ከጥበቡ መንደር ይሁን ከሌላ አላውቅም። ይህን መጽሔት የምታነቡ መምህራንና የኪነት ሰዎች ሆይ፣ ከፊታችሁ የተቀመጠ ልጅ «ይህ የአባቴን ዘፈን ይመስላል» ቢላችሁ አትሳቁ። «እስቲ ዝፈንልን» በሉት።